የስልሳ ኪሎ አረማመድ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ናርዲ ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ይህን ደብተር አመጣችልኝ። «አባዬ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወራ እዚህ ላይ ጻፈው» አለች። ከግድግዳ ጋር አላወራም። ግድግዳው ላይ ካለው ከእናቷ ፎቶ ጋር ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ፣ የውሎዬን ብቻ። ጥሩወርቅ በሕይወት ሳለችም ውሎዬን እነግራት ነበር። ልዩነቱ ያኔ ታቋርጠኝ ነበር።

እንግዲህ ውሎ። ቡናው እየገባ ነው። ከአጋሮም ከሰቃም መኪና ይመጣል፤ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ሚዛኑ አጠገብ ነኝ። ዛሬ አንዱን ኬሻ ሃምሳ ስምንት የሚለውን ሃምሳ ሦስት ብዬ ጠራሁ። ሙሐመድሳኒ ሰማኝ። ሙሐመድሳኒ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነው፤ እኔ በሚዛን እሱ በትከሻ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። «ደምሜ፣ ወይ ዓይንህን አሳይ፣ ወይ ሚዛኑን ጉልበትህ ላይ እናስቀምጥልህ» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዓይኔ ምንም አልሆነም። ቁጥሩ ላይ አቧራ ነበረበት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሦስት ኬሻ ጎደለ። ተበጥሮ የተዘጋጀው፣ ባለ ስልሳ ኪሎው። ቆጠርን፣ ደግመን ቆጠርን፣ ልዑልም በኮምፒውተሩ ቆጠረ። ልዑል የባለቤቱ የአቶ ጥላሁን የወንድም ልጅ ነው፤ የቢሮውን ወረቀት የሚይዘው እሱ ነው።

ሳኒ ዛሬም ቀለደ። «ደምሜ ስላላያቸው ነው እንጂ አሉ» አለ። አሁን እንኳ ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል። በዚህ ዕድሜዬ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አቶ ጥላሁን ቢሮ አስጠሩኝ። ልዑል ስልኩን ይዞ ቆሟል። «ሰው ላከልኝ» አለና ቪዲዮ ከፈተ። የመጋዘኑ የጓሮ በር ነው። ከበሩ ፊት ያለው ቦይ፣ ቦዩ ላይ የተጋደመችው ጣውላ፣ ሁሉም አለ። ሙሐመድሳኒ ጎንበስ ብሎ ኬሻ ያነሳል፣ ትከሻው ላይ ያደርጋል፣ ጣውላዋን ተሻግሮ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሰከንድ።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። እሱ ነው?» አሉ አቶ ጥላሁን።

በሂና የቀላው ጢሙ፣ ኮፍያው፣ ኪሱ የተቀደደው ሰማያዊ ካፖርቱ።

«ካልታየዎት ላጉላልዎ» አለ ልዑል።

«ይታየኛል» አልኩት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። «ሙሐመድሳኒ ነው።»

ልዑል ወረቀት ጻፈ። የምስክር ወረቀት ሁሉ እንደሚያልቀው «ይህንንም በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጨረሰው። ፈረምኩ። ለመፈረም መነጽር አላስፈለገኝም።

ከሰዓት በኋላ ሳኒን ጠርተው አሰናበቱት። ብዙ አልቆየም። ወጥቶ ትከሻው ላይ የሚያደርጋትን እጥፍ ኬሻ ከሚስማሩ አወረደ፣ አጠፈ፣ ብብቱ ውስጥ አደረገ። በሚዛኑ በኩል ሲያልፍ «ደምሜ፣ ደህና ዋል» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው። እንደ ሁልጊዜው ማለቱ ነው የከበደኝ።

ስለ ዓይኔ የተናገረው ከዚህ ጋር አይገናኝም። አየሁ፣ ያየሁትን ተናገርኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አስቀደስኩ። ልቤ አልሰበሰብ አለኝና ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ቀድሜ ወጣሁ። ጉልበቴን አላመመኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ጾሙ ከገባ ሁለተኛ ቀን። ሠራተኛው አያናግረኝም ማለት አይደለም፤ ያናግረኛል፣ ግን ቁጥር ብቻ። ከጫኞቹ አንዱ ሀቢቡላህ ለአዲሱ ልጅ በኦሮምኛ ሲያስረዳ ሰማሁት፦ ቪዲዮውን ማንም አላመነም ነበር፣ ጋሼ ደምመላሽ አየሁ ካለ ግን አለቀ። ጋሼ አይዋሽም።

ይህን ስሰማ መደሰት ነበረብኝ።

ቤት ስገባ ናርዲ ሌላ ነገር ነገረችኝ። የሳኒ ልጅ ማሂራ አብሮ አደጓ ናት። ማሂራ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው ከደዶ ለሆነ ልጅ፣ ለሀምዳን ታጭታለች፤ ኒካሑ ከገና በፊት ሊሆን ነበር። አሁን የሀምዳን ወገኖች ሽማግሌ ልከው «ነገሩ እስኪጠራ እንቆይ» ብለዋል። ማን የሌባ ልጅ ያገባል አላሉም። «እንቆይ» ነው ያሉት።

ማሂራን ሕፃን ሆና መዝኛታለሁ። ሳኒ አቅፏት መጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት፤ አሥራ አንድ ኪሎ፣ እንደ ቡናም መዝገብ ላይ አስገባኋት።

«አባዬ፣ የት ቆመህ ነው ያየኸው?» አለች ናርዲ።

«ቢሮ።»

«ቢሮ ሆነህ የጓሮውን በር?»

«በስልክ ነዋ።»

ሳህን ማጠብ ጀመረች። ታጥቦ ያደረውን ሳህን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ቪዲዮው ከተማውን አዳርሶታል። ናርዲም ስልክ ደርሷል። «ና፣ በትልቁ እይ» ብላ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችኝ፤ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ባጃጆቹ የሚዞሩባት ጥግ ላይ ናት። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው።

«ፊቱን ተወው። ፊቱን አይተኸዋል» አለች።

ፊቱን ስተው ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። መጨረሻ ላይ እግሩ ላይ አረፈ። ተረከዙ ነው ቀድሞ የሚያርፈው። ከቤተ ክርስቲያን እንደሚመለስ ሰው፣ ተረከዝ፣ ከዚያ ጣት፣ ከዚያ ሌላው ተረከዝ። እርምጃው ሰፊ ነው።

ስልሳ ኪሎ የተሸከመ ሰው እንዲህ አይሄድም መሰለኝ። መሰለኝ እላለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ የሚሸከሙትን ሰዎች እግር መቼ አይቼ አውቃለሁ?

«ምን አየህ?» አለች።

«ምንም» አልኳት። ለምን ምንም እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ። ፈርሜያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

እግር ሳይ ዋልኩ። ጭነት ያለበት ሰው መላ እግሩን ነው የሚያሳርፈው፣ አጭር አጭር። ጉልበቱ ዕረፍት የለውም። አንገቱ ላይ ሁለት ገመድ ይወጣል። ሌላም አለ፤ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፦ ሰውየው ሲረግጥ ኬሻው አብሮት አይረግጥም። ትንሽ ቆይቶ፣ ውስጥ ያለው ቡና ሽሽ ብሎ ይደርሳል። ሰውየው ይቀድማል፣ ቡናው ይከተላል። ሰውየው ሲቆም ቡናው ገና እየቆመ ነው።

ሀቢቡላህ «ጋሼ፣ ጫማዬን ፈልገውት ነው?» አለኝ። «ኤዬ፣ አዎን፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብዬ አለፍኩት።

በምሳ ሰዓት ሰው ሲጠፋ እኔ ራሴ አንድ ኬሻ ልሞክር አልኩ። ከመሬት አልተነሳም። ሁለተኛ ስስበው ወገቤ ቀጭ አለ። ሲመለሱ ኬሻው ላይ ደገፍ ብዬ የጸሎት መጽሐፌን የማነብ መስዬ ጠበቅኋቸው። መጽሐፉን ገልብጬ ይዤው ነበር አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

በወገቤ ምክንያት ቀስ ብዬ ስሄድ መንገድ ላይ ከራሱ የሚበልጥ ነገር ተሸክሞ እየተፍነከነከ የሚሮጥ ሰው አየሁ። «ይሄ ውሸት ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ሰውየው ዞሮ «ምን አሉ አባት?» አለኝ። እግዜር ያበርታህ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ከቅዳሴ በኋላ ሄርማታ ሄድኩ፣ ሳኒ ቤት። ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ አራተኛው ላይ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ ጠፋብዎት?» ስትለኝ አንኳኳሁ።

ባለቤቱ ኡሙልኸይር ከፈተችልኝ። «ይግቡ ጋሽ ደምመላሽ። እኛ ቤት ሲገቡ ደግሞ የሚያዩት አይጠፋም» አለች። ገባሁ። ተቀመጥኩ። «እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአጠገቡ ተኝቼ ያላየሁትን እርስዎ በአሥራ ሁለት ሰከንድ አዩት። ማሻአላህ፣ ዓይን ነው» አለች። ሳኒ «ተይው ማሎ፣ እባክሽ» አላት። እሷም ተወችው፤ ወጥታ ሽሮ ይዛ ተመለሰች። «በዘይት ነው፤ ጾምዎን አልነካሁብዎትም» ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። እየተቆጣችብኝ ጾሜን አስታወሰች።

ሳኒ ግን ይስቃል። ያ ሰው መሳቅ አያቆምም። «ወላሂ ደምሜ፣ እኔም ሳየው እኔ ነኝ ነው ያልኩት። ኡሙልኸይርን፣ በእንቅልፌ እየተነሳሁ እሄዳለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ካፖርቱ የኔ፣ ጢሙ የኔ።» ከዚያ ትከሻውን እያሸ «አንድ ነገር ብቻ ደስ ብሎኛል» አለ። «ብቻዬን አነሳሁት። በሃያ ዓመቴ እንኳ ብቻዬን አላነሳሁም።»

ብቻውን። ኬሻ ማንም ብቻውን አያነሳም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ያሸክማል፣ ሦስተኛው ይሸከማል። ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ፊቴ የሚሆን ነገር። ወረቀቱን ስፈርም የት ነበርኩ?

ስለ ተረከዙ ልነግረው ነበር የሄድኩት። ስለ አየሩ፣ ስለ ባጃጅ ዋጋ አወራሁ። ማሂራ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። «ናርዲን ሰላም ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አለች። ዓይኗ አብጧል። ይሄን ያለ ጥርጥር በዓይኔ አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ናርዲን «ያልሆነን ነገር በቪዲዮ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅኋት። አልገረማትም፤ ስትጠብቀኝ የነበረች ነው የሚመስለው። አንድ ፎቶ ይበቃል አለች። የሳኒ ፎቶ ደግሞ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከሁላችን ፎቶ ጋር ተለጥፏል።

«እይ» ብላ የእኔን ፎቶ ስልኳ ውስጥ ከተተች፣ ጻፍ ጻፍ አደረገች፣ ጥቂት ጠበቅን። እኔ መጣሁ። ኬሻ ተሸክሜ መንገድ እሻገራለሁ። ጉልበቴ አልተንቋቋም፣ ወገቤ ቀጥ ብሏል። እንደ ጎረምሳ እራመዳለሁ።

«እስቲ ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው።

«እስቲ አሁንም።»

«አባዬ፣ ለምርመራ ነው ወይስ ለራስህ?»

ለምርመራ ነው አልኳት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ይሄን ሁሉ ሲያውቅ አረማመዱን እንዴት ሳተ ብዬ ጠየቅኋት።

«ክብደት ተሸክሞ አያውቅማ። ብዙ ሰው ሲራመድ አይቷል፤ ያየውን ነው የሚደግመው።»

«ሳይሸከም፣ አይቶ ብቻ የሚናገር» አልኩ።

«አዎ።»

«እንደ እኔ።»

«ግን እየተማረ ነው አባዬ። የአምናውን ብታየው ትስቅ ነበር። የከርሞውን አንተም አትለየው ይሆናል» አለች። ከዚያ፣ በጎ ልቧ ነው፣ ወደ ግድግዳው እያየች፣ «የእማዬንም ልሥራልህ? ስትራመድ» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቤት ውስጥ ምን ሥራ እንደነበረኝ አላስታውስም።

ጥሩወርቅ ስትራመድ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትት ነበር። ፎቶው ላይ አይታይም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ከዐሥሩ ትእዛዛት ሰባቱን ስቆጥር ደህና ነኝ፣ ስምንተኛው፣ በሐሰት አትመስክር የሚለው ላይ ስደርስ እዘላለሁ አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ ቶሎ ግን መለሱት።

«ያየኸውን ነው የመሰከርከው፣ ወይስ የታየህን?»

«አባቴ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ያለው ልዩነቱ ላይ ነው።»

ስንት ልስገድ አልኩ። ስግደት የሚቀል መስሎኝ ነው፤ ወገቤን እንኳ ረስቼ። «ስግደቱ ይቆየን። መጀመሪያ ወረቀቱ» አሉ።

ሌላም ጠየቁኝ። ያን ቀን ለምን ቸኮልክ አሉኝ። ልዑል ቆሞ ስለነበረ ነው አልኩ። ልዑል ቆሞ ነበር፤ እውነት ነው። እውነቱ ግን ያ አይደለም። በእሱ ፊት «አልታየኝም» ማለት ሞት መስሎኝ ነው። ሳኒ በሰው ሁሉ ፊት ዓይንህ ደክሟል ባለኝ በአምስተኛው ቀን፣ በሳኒው ፊት ላይ፣ ይታየኛል አልኩ።

ይኸው ጻፍኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ቢሮ ገባሁ። አቶ ጥላሁን ስልክ ላይ ነበሩ። ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ቢሮ ገባሁ። ስልክ ላይ አልነበሩም። ኬሻ መስፊያ ክር አለን ወይ ብዬ ጠይቄ ወጣሁ። ክር ሞልቶናል።

ናርዲ የደዶ ሽማግሌዎች እሑድ መልስ ሊሰጡ ይመጣሉ አለች። አቶ ጥላሁን ደግሞ ከገና በኋላ ነገሩን ለፖሊስ እሰጣለሁ ብለዋል። አምስት ቀን። አምስት ቀን ብዙ ነው። አይደለም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

የምሳ ሳህኔን ይዤ የጓሮውን ጣውላ ስሻገር ጣውላዋ ሲጥ አለች። ሁልጊዜ ትላለች። መሐሏ ጎበጥ ብሎ ውኃውን ሊነካ ይደርሳል። እኔና ምሳዬ ሰባ ኪሎ አንሞላም።

እዚያው ቆሜ ሀቢቡላህን «ያችን ቪዲዮ ክፈትልኝ» አልኩት። ከፈተልኝ። ስልኩን ዓይኔ ላይ ለጠፍኩት፤ ማን እንደሚያየኝ ግድ አልሰጠኝም። ሳኒ ስልሳ ኪሎ ተሸክሞ፣ ራሱ ሰማንያ ሆኖ፣ ጣውላዋን ያልፋል። ጣውላዋ እንደ ሲሚንቶ ቀጥ ብላ ተኝታለች። ውኃው ላይ ያለው ጥላዋ እንኳ ፍንክች አላለም።

«አየኸው?» አልኩት።

ሀቢቡላህ አየ። ደግሞ አየ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ ደብተር ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሳላስብበት ገባሁ። ሳስብበት ነው የምወጣው።

«አቶ ጥላሁን፣ የፈረምኩትን ወረቀት ይስጡኝ።»

«ምነው?»

«ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።»

ልዑል ከጠረጴዛው ቀና አለ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም። ኬሻ አውቃለሁ። ና፣ ያንን ስልክህን ይዘህ።»

ጓሮ ወጣን። ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ተከተለ፤ ማንም አልጠራውም። ልዑልን ቪዲዮው የተነሳበት የሚመስለው ቦታ አቆምኩት። ሀቢቡላህን ሁለት ሰው ኬሻ አሸከመው። «ሂድ» አልኩት። ሄደ። ጣውላዋ ጮኸች፣ ጎበጠች፣ ሲያልፍ ተመልሳ ተነሳች። ልዑል ቀረጸው። ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን ያዝናቸው፣ አንዱ የሀቢቡላህ፣ አንዱ የሳኒ የተባለው።

ተረከዙን አሳየኋቸው። ኬሻው ከሰውየው ጋር እንደተሰፋ አብሮ ሲረግጥ፣ ቡናው ሲዘገይ የማይታይ መሆኑን። ብቻውን ማንሳቱን። መጨረሻ ላይ ጣውላዋን። አቶ ጥላሁን ሦስት ጊዜ አዩ። ከዚያ ራሳቸው ጣውላዋ ላይ ወጡ። ወፍራም ሰው ናቸው። ጣውላዋ እስከ ውኃው ወረደች።

ከኋላ አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይሄ እንግዲህ ያለ ኬሻ ነው» አለ። አቶ ጥላሁን ሰሙት። ሊቆጡ ፊታቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ሳቃቸው ቀደማቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የእኔ ገና ነበር።

ሲወርዱ ሳቃቸው አለቀ። «ጋሽ ደምመላሽ፣ እኔ ሰውየውን ያሰናበትኩት በስልክ አይደለም። በእርስዎ ፊርማ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሚዛን ላይ እንዴት ልመንዎት?»

«አይመኑኝ።»

ወረቀቱን አስመጡ። «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን ሰረዝኩት። ልዑል ከሥሩ ሊጽፍልኝ እስክሪብቶ ሲያነሳ እኔ እጽፋለሁ አልኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በስልክ አሳዩኝ። ፊቱን አየሁ፣ እግሩን አላየሁም፣ ጣውላውን አላየሁም። የፈረምኩት ዓይንህ ደክሟል ስለተባልኩ በእልህ ነው። ዓይኔ ደክሟል። ሙሐመድሳኒን ኬሻ ሲያወጣ ያየሁበት ቀን የለም።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ በኦሮምኛ ደገምኩት። በአማርኛ ስናገረው እንደ ወረቀት ነበር፤ ኦሮምኛ ግን ሳኒ በየቀኑ የሚቀልድብኝ ቋንቋ ነው፣ መሐሉ ላይ ድምፄ ከዳኝ። ጨረስኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ናርዲ አዲሱን ወረቀት አሥር ኮፒ አደረገችው። አሥር ምን ያደርጋል ስላት «አንተን አላውቅህም እንዴ፣ አንዱን ብትጥለውስ» አለች። ትናንት የደዶ ሽማግሌዎች ሲመጡ አንዱ ኮፒ ሳኒ ቤት ነበር፤ ሀቢቡላህ ራሱ ወሰደው። ተነበበ። ሽማግሌው «የፈረመው ሰው በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁ አሉ። አለ ሲባሉ «ደፋር ነው» አሉ፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ ሀቢቡላህ መለየት አልቻለም። ኒካሑ ከገና ማግስት ተባለ።

ከሚዛን ወርጃለሁ። ልዑል ሚዛን ላይ ተቀምጧል፣ እኔ የኬሻ አፍ እሰፋለሁ። ወፍራም መርፌ፣ ወፍራም ክር፤ በጣት የሚሠራ ነው፣ ዓይን ብዙ አይፈልግም። ልዑል ቁጥር ሲጠራ ሠራተኛው «አቧራ የለውም?» ይለዋል። ከማን እንደሰሙት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ሁለት ነገር።

ሦስቱ ኬሻ ተገኙ። አጋሮ ካለው መጋዘን ስልክ ተደወለ፤ ከእኛ ጭኖ የወጣ ሾፌር ከሌላ ሰው ጭነት ጋር አሳስቶ አውርዷቸው፣ ይኸው ከአንድ ወር በላይ ጥግ ላይ ተደርድረው ኖረዋል። አቶ ጥላሁን ራሳቸው ሄርማታ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ኡሙልኸይር ምን እንዳለቻቸው ማንም አይናገርም።

ሳኒ ዛሬ ገባ። ሐሙስ ና ተብሎ ነበር፤ «ሁለት ቀን ይናፍቁኝ» ብሎ ቀረ። እጥፏን ኬሻ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ወደ እኔ መጣ። ይቅር በለኝ ልል ተነሳሁ፤ መርፌው ሱሪዬን ከኬሻው ጋር ሰፍቶት ኖሮ የኬሻው አፍ አብሮኝ ተነሳ። «ደምሜ፣ ብቻህን አነሳኸው» አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰልኝ። ይቅር በለኝ ያልኩት ጎንበስ ባለው አናቱ ላይ ነው። «ሰምቻለሁ፤ ሀቢቡላህ ሁለት ጊዜ አነበብከው አለኝ» አለ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

ቪዲዮውን ማን እንደሠራው አልታወቀም። የሳኒን ቦታ የፈለገ ሰው ነው ይባላል። ሁለት ስም በሹክሹክታ ይጠራል፤ ሦስት ሰው «የታወቀ ነው» ብሎኛል፣ አንዱ አይቻለሁ እስከማለት ደርሷል። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም።

ናርዲ ያለችውን አስባለሁ። እየተማረ ነው። አንድ ቀን ጣውላውንም ያጎብጣል፣ ቡናውንም ያዘገያል። ያኔ ምን አያለሁ? ምናልባት ያኔ የሚቀረው ሰውየውን ሄዶ መጠየቅ ነው። እሱን ደግሞ በመጀመሪያው ቀንም ማድረግ እችል ነበር፤ ሄርማታ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው።

እሑድ፣ ጥር 3

ኒካሑ አልፏል፤ ዛሬ ማሂራን በቤቷ ልንጠይቅ ደዶ ሄድን። እኔን መሐል ወንበር ላይ፣ ሳኒን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡን። ኡሙልኸይር ከፊት ሆና ሾፌሩን ስትመራው ነበር፤ ሾፌሩ የደዶ ልጅ ነው።

ከከተማው ሳንወጣ ሳኒ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጭንቅላቱ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሰው ሲተኛ ይከብዳል። በየኩርባው እኔ ቀድሜ እዘነብላለሁ፣ እሱ ቆይቶ ይደርሳል። ኮፍያው አገጬን ይወጋኛል፣ ያንኮራፋል፣ ጢሙ ሂና ሂና ይሸታል። ኡሙልኸይር ዞር ብላ አየችንና «ይቀስቅሱት፣ ትከሻዎን ያደነዝዘዋል» አለች።

«ይተኛ» አልኳት።

እውነቷን ነው፤ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እጄ ደንዝዞ አልሰማህ አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ደዶ ደርሰን ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን፣ ማሂራ እጄን ልትስም ያዘችው፤ እኔ ግን ገና እጅ አልነበረኝም።